በደብዳቤ የተያዘ ምሽግ፦ የዲትሮይት እጅ መስጠት፣ 1812

ጁን 18 ቀን 1812 ከዋሽንግተን ለጄኔራል ዊልያም ሃል ሁለት ደብዳቤ ተጻፈ። ጸሐፊው አንድ ነው፤ የጦር ሚኒስትሩ ዊልያም ዩስቲስ። የመጀመሪያው ጦሩን ይዞ ቶሎ ዲትሮይት እንዲገባ ያዘዋል፤ ስለ ጦርነት ግን አንዲት ቃል የለበትም። ሁለተኛው በዚያው ቀን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት መታወጁን ይነግረዋል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ ጦርነት የሌለበት ደብዳቤ በፈጣን መልእክተኛ ተላከ፣ ጦርነቱን የያዘው ለተራ ፖስታ ተሰጠ።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 16፣ ሃል ምሽጉን፣ ከተማውን፣ ከ2,000 በላይ ወታደሮቹንና የሚሺገንን ግዛት በሙሉ ከእሱ ላነሰ ጦር አስረከበ። አሜሪካ ነጻነቷን ካወጀች ገና 36 ዓመቷ ነበር። ይህ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ቃል ይዘጋል፦ ፈሪ። ሃል ፈርቷል፤ እሱን አልክድም። ግን ፍርሃቱን ማን አመጣለት ብዬ ቀኖቹን አንድ በአንድ ስከተል በየመታጠፊያው ወረቀት አገኛለሁ፤ የዘገየ ደብዳቤ፣ የተማረከ ደብዳቤ፣ ሆን ተብሎ የተጣለ ደብዳቤ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃል ያን ጊዜ 59 ዓመቱ ነው። በነጻነቱ ጦርነት ትሬንተን ላይ፣ ፕሪንስተን ላይ፣ ሳራቶጋ ላይ ተዋግቶ ስም ያተረፈ መኮንን ነበር። ከ1805 ጀምሮ የሚሺገን ግዛት ገዢ ሆኖ ኖሯል፤ ሥራውን ሊጀምር ሲደርስ ዲትሮይት በእሳት ወድማ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላትም ነበር። ጦሩን ምራ ሲሉት በመጀመሪያ እምቢ አለ፤ በኋላ አግባቡት። በ1812 መጀመሪያ ላይ ለመንግሥት በጻፈው ማስታወሻ፣ ኤሪ ሐይቅ ላይ የራሳችን የጦር መርከብ ከሌለን ዲትሮይትን ልንቀልባት አንችልም ብሎ አስጠንቅቋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለቱ ነበር። ዳሩ ግን እዚያው ማስታወሻ ላይ፣ ዲትሮይት በርከት ያለ ጦር ከገባባት እንግሊዞች ሐይቁን ለቀው ሊሄዱ ይችላሉ የሚል ሐሳብም ጨመረበት። ወጪ የሚሸሸው መንግሥት የሚስማማውን ዓረፍተ ነገር መርጦ አነበበ።

የመርከቡ ነገር ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀው ለመረዳት መንገዱን ማየት ይበቃል። ከኦሃዮ መንደሮች እስከ ዲትሮይት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ጫካና ረግረግ። የመጨረሻው 100 ኪሎ ሜትር ደግሞ የሐይቁንና የወንዙን ዳር ተከትሎ ይሄዳል፤ ውኃውን የያዘው እንግሊዝ ነው፣ በወዲያኛው ዳር ያለው ምሽግም የእንግሊዝ ነው። ዱቄትና ከብት የሚመጣበት መንገድ በጠላት መርከብ ፊት ለፊት የሚያልፍ ከሆነ ከተማዋ ከበባ ሳይጀመር የተከበበች ናት።

ሃል ሦስት የኦሃዮ ሚሊሻ ሬጅመንቶችንና 4ኛውን መደበኛ እግረኛ ሬጅመንት ይዞ ተነሳ፤ ሲደመር 2,000 ሰው ገደማ። የሚሊሻዎቹ ኮሎኔሎች ዳንከን ማክአርተር፣ ጄምስ ፊንድሊና ሌዊስ ካስ ይባላሉ። ሦስቱም የተከበሩ የአገር ሰዎች፣ በሽማግሌው ላይ እምነት የሌላቸው። ጥቁር ረግረግ የሚባለውን ጫካ ዛፍ እየቆረጡ፣ ግንድ እያነጠፉ አቋረጡት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ እዚህ መንገድ ላይ ደረሰው። ፍጠን የተባለ ሰው ሸክም ያቀልላል። ሞሚ ወንዝ ሲደርስ ካያሆጋ የምትባል ትንሽ ባለ ሸራ መርከብ ተከራየና ከባዱን ጓዝ፣ የሐኪሞቹን ዕቃ፣ የማርሽ ባንዱን መሣሪያ፣ የታመሙትንም ወታደሮች ጫነባት። ረዳቱ የነበረው ልጁ አብርሃም የአባቱን የወረቀት ሳጥን አብሮ ጫነ። ሳጥኑ ውስጥ ከዋሽንግተን የመጡት ትእዛዞችና የወታደሮቹ ስም ዝርዝር ነበሩ። ጦሩ ስንት ነው፣ ወዴት ይሄዳል፣ ምን ታዟል፤ ጠላት ሊጠይቅ የሚችለው ሁሉ መልሱ በአንድ ሳጥን ተቆልፎ በውኃ ተጓዘ።

መርከቧ ዲትሮይት ለመግባት በአምኸርስትበርግ፣ በእንግሊዞቹ ምሽግ ፊት ማለፍ ነበረባት። ሃል አገር ሰላም ነው ብሎ ነው የላካት። እንግሊዞቹ ግን ጦርነቱን ሰምተው አድረዋል፤ የጸጉር ቆዳ ነጋዴዎች መልእክተኞች ከመንግሥት ፖስታ ፈጥነው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ጦርነቱን ያወጀው ወገን ጄኔራል ከጠላቱ በኋላ ሰማ። ጁላይ 2 ፍሬደሪክ ሮሌት የሚባል ወጣት የባሕር ኃይል መኮንን ጥቂት ሰዎች በጀልባ ይዞ ካያሆጋ ላይ ወጣ፤ ወታደሮቹ ምን እንደመጣባቸው ሳይገባቸው ተማረኩ። ሁለተኛው ደብዳቤ ሃል እጅ የገባው በዚያው ቀን ነው።

የወረቀቱ ዕድል ለዚህ ጦርነት ከመነሻውም ጠማማ ነበር። አሜሪካኖቹን ካስቆጧቸው ነገሮች ዋነኛው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአሜሪካን መርከበኞች እያፈሰ መውሰዱና ንግዳቸውን በአዋጅ ማገዱ ነው። ለንደን የንግዱን እገዳ ያነሳችው ጁን 23 ነው፤ ጦርነቱ ከታወጀ በአምስተኛው ቀን። ዜናው አትላንቲክን እስኪያቋርጥ ሰው መሞት ጀምሮ ነበር።

ጁላይ 12 ሃል ወንዙን ተሻግሮ ያን ጊዜ በእንግሊዝ እጅ ወደነበረችው ካናዳ ገባ፤ ዛሬ ዊንድዘር በምትባለው፣ ያን ጊዜ ሳንድዊች በምትባለው መንደር (ስሟ እውነት ነው) ሰፈረ። ከኦሃዮ ሚሊሻዎች ሁለት መቶ ያህሉ እኛ አገር ልንጠብቅ እንጂ የሰው አገር ልንወር አልተመለመልንም ብለው ወዲህ ማዶ ቀሩ። ሃል አንድ አዋጅ አስነገረ። ካናዳውያኑን ከጭቆና ነጻ ላወጣችሁ መጣሁ ካለ በኋላ፣ ከነባር ሕዝቦች (ከነጮቹ በፊት በአገሩ ከነበሩት ተወላጆች) ጎን ተሰልፎ ሲዋጋ የተገኘ ነጭ አይማረክም፣ ወዲያው ይገደላል ሲል ዛተ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ሃል ከማንም ይልቅ የሚፈራው የነባር ሕዝቦችን ተዋጊዎች እንደሆነ በራሱ ፊርማ ለጠላቱ ነገረው።

ለጊዜው አዋጁ ሠራ። ስንዴው ሊታጨድ የደረሰበት የካናዳ ገበሬ ሚሊሻ እየተወ ወደ ማሳው ገባ። አምኸርስትበርግ ውስጥ የነበረው መደበኛ ወታደር ጥቂት መቶ ብቻ፣ ምሽጉም ያረጀ። ጁላይ 16 ካስና የ4ኛው ሬጅመንት አዛዥ ጄምስ ሚለር ወደ ምሽጉ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የካናርድ ወንዝ ድልድይ ያዙ። ሃል ድልድዩ ከጦሩ ራቀ ብሎ አስለቀቃቸው። ከባድ መድፎቹ የሚሸከማቸው ጋሪ እስኪበጅላቸው ሳምንታት ተቆጠሩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዲትሮይት የወደቀችው በነዚህ ሳምንታት ነው፤ ኦገስት 16 ቀብሩ ነው።

ምክንያቱም ሰሜኑ አልጠበቀውም። ጁላይ 17 እንግሊዞችና ነባር ተዋጊዎች ማኪናክ ደሴት ላይ ያለውን የአሜሪካ ምሽግ ያዙ። ስድሳ ያህል ወታደር ይዞ የነበረው ሌተናንት ፖርተር ሃንክስ ጦርነት መኖሩን የነገሩት ሊማርኩት የመጡት ሰዎች ናቸው። ሃንክስ ዳግም ላይዋጋ ቃል ገብቶ ተለቀቀና ዲትሮይት መጣ። ሃል ኋላ በጻፈው ሪፖርት የሰሜኑ ቀፎ ተከፈተ፣ ንቡ በየአቅጣጫው ወረደብን የሚል ነገር አለው። ዲትሮይት አጠገብ በብራውንስታውን የሚኖሩት ዋያንዶት የሚባሉ ነባር ሕዝቦችም ወደ እንግሊዝ ወገን ዞሩ። የስንቁ መንገድ በነሱ መንደር ያልፋል።

የቀረውን ቴከምሴ ጨረሰው። ቴከምሴ የሾኒ ሕዝብ መሪ ነው፤ አሜሪካኖች በውል ስም መሬት እየሸረፉ ሲወስዱ ነባሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ሊያቆም ለዓመታት የደከመ። ከነዚያ ውሎች አንዱን፣ የ1807ቱን የዲትሮይት ውል፣ የተዋዋለው ራሱ ሃል ነው። ኦገስት 5 ከኦሃዮ የመጣውን ስንቅና ከብት ለማምጣት 200 ያህል ሚሊሻ ሲወርድ ቴከምሴ ሁለት ደርዘን በማይዘሉ ሰዎች ብራውንስታውን ላይ ደፈጣ ጣለበትና በተነው። የተበተኑት የያዙት ፖስታ ተማረከ። ከአራት ቀን በኋላ ሚለር 600 ሰው ይዞ ያንኑ መንገድ ሊከፍት ወጣ፤ ሞንጓጎን ላይ አሸነፈም፤ ግን ሰማንያ ያህል ሰው ሞቶና ቆስሎበት፣ ስንቁን ሳያገኝ ተመለሰ።

የብራውንስታውኑ ፖስታ ከቴከምሴ ጥይት የበለጠ ጎዳ። የሃል ደብዳቤዎች ለጦር ሚኒስትሩ፣ የወታደሮቹ ደብዳቤዎች ለሚስትና ለወንድም፤ ሁሉም ተነበበ። ያነበበው የላይኛው ካናዳ አዛዥ ጄኔራል አይዛክ ብሮክ ነበር። በኋላ ለወንድሞቹ ሲጽፍ አልደበቀም፦ የጠላቴን ደብዳቤዎችና በመቶ የሚቆጠሩ ወታደሮቹ ለወዳጆቻቸው የጻፉትን አገኘሁ፣ በጄኔራሉ ላይ እምነት እንዳልቀረ፣ ተስፋ መቁረጥ እንደሰፈነ አየሁ ይላል። መኮንኖቹ እብድ ያሉትን እርምጃ የወሰደው ዕድል ሞክሮ ሳይሆን የሰውየውን ልብ አንብቦ ነው።

ብሮክ ኦገስት 13 እኩለ ሌሊት ላይ አምኸርስትበርግ ደረሰ። የቴከምሴ ሰዎች በደስታ ሲተኩሱ ጥይቱን ለዲትሮይት ቆጥቡት አለ። እሱ ወደዚህ ሊመጣ የቻለው በኤሪ ሐይቅ ምሥራቃዊ ጫፍ ባለው በናያጋራ ግንባር ላይ የሚይዘው ጠላት ስላጣ ነው። እዚያ ሊያጠቃ የሚገባው የአሜሪካው ከፍተኛ አዛዥ ጄኔራል ሄንሪ ዲርቦርን ያ ሩቅ ግንባር በእኔ ሥር መሆኑን ማን ነገረኝ በሚል መንፈስ ዋሽንግተንን ሲጠይቅ ከረመ፤ ኦገስት 9 ደግሞ ከእንግሊዞች ጋር ጊዜያዊ ተኩስ ማቆም ተስማማ። የሃል ጦር በስምምነቱ ውስጥ አልነበረም። የዲርቦርንን ስም ያዙልኝ፣ ኋላ ይመለሳል።

ብሮክ ያነበበውን ፍርሃት ራሱን መልሶ ጻፈለት። ማኪናክ ለሚገኘው አዛዥ የተላከ የሚመስል፣ ከ5,000 በላይ ነባር ተዋጊ እንዳትልክ የሚል ደብዳቤ ተዘጋጅቶ አሜሪካኖች እጅ እንዲወድቅ ተደረገ። አምስት ሺህ! በእጁ የነበሩት 600 ናቸው። ለካናዳ ሚሊሻዎቹ የእንግሊዙ 41ኛ ሬጅመንት ወታደሮች ያወለቁትን አሮጌ ቀይ ኮት አለበሳቸው፤ ከወንዙ ማዶ በመነጽር ለሚያይ ሁሉም የንጉሡ መደበኛ ጦር ነው። ቴከምሴም ያንኑ ጥቂት ሰው በጫካው ዳር ደጋግሞ አዙሮ ያሳልፍ ነበር ተብሎ ይተረካል።

ዲትሮይት ውስጥ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይዞር ነበር። ኮሎኔሎቹ ሃልን ከአዛዥነት ለማውረድ ፊርማ ማሰባሰብ ይዘዋል፤ ለሚለር ቦታውን ቢያቀርቡለት አልፈልግም አለ። ካስ ኦገስት 12 ለኦሃዮ ገዢ በጻፈው ደብዳቤ አዛዡ እጅ ስለመስጠት እያወራ ነው የሚል ጨመረበት። ሃል ማንን ያምናል? ኦገስት 14 ካስንና ማክአርተርን ከ350 እስከ 400 ከሚሆኑ ምርጥ ወታደሮች ጋር በጓሮ መንገድ ስንቁን እንዲያመጡ ላካቸው። ከሚጠረጥሩት ሰዎች ተገላገለ፤ የሚዋጉለትንም አብሮ አሰናበተ።

በማግስቱ የብሮክ ደብዳቤ መጣ። እጅህን ስጥ ይላል፤ በማጥፋት ጦርነት የመሳተፍ ሐሳብ የለኝም፣ ነገር ግን ውጊያ ከተጀመረ አብረውኝ ያሉትን የነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ልቆጣጠራቸው አልችልም። ሃል ከወር በፊት በአዋጁ ያሳየውን ቁስል ጣት ገባበት። ለሰዓታት አሰበና ዝግጁ ነኝ ብሎ መለሰ። መልሱ የወንድ መልስ ነው፤ ብቻ ወንዙን ይሻገሩበታል የተባለውን ቦታ በበቂ ጦር አላስጠበቀም። ሌሊት ነባሮቹ ተሻገሩ፤ እሑድ ኦገስት 16 ጎህ ሲቀድ ብሮክ 330 መደበኛ ወታደርና 400 ሚሊሻ አስከትሎ ስፕሪንግዌልስ በሚባለው ዳር ያለ ተቃውሞ ወረደ።

ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ከባድ መድፎች፣ ሰው የሚያጭድ የጥይት ጥራጥሬ ጎርሰው፣ ተኳሾቹ የሚለኩሱበትን እሳት በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ብሮክ ፊት ፊት እየሄደ ነበር፤ ረጅም ሰው ነው፣ ዩኒፎርሙም ከሩቅ ይለያል። አትተኩሱ የሚል ትእዛዝ መጣ።

ምሽጉ ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ታጭቀዋል፤ የሃል ሴት ልጅና የልጅ ልጆቹም እዚያው ናቸው። ከማዶ የሚወረወር የመድፍ አረር የመኮንኖች ክፍል ውስጥ ገባና ያንን ከማኪናክ የተረፈውን ፖርተር ሃንክስን ለሁለት ቆረጠው፤ ማኪናክን ለምን አስረከብክ ተብሎ ሊመረመር እየጠበቀ ነበር። ረዳት ሐኪሙም አብሮ ሞተ። ሃል ይህንን አየ። በኋላ የመሰከሩበት እንደሚሉት መሬት ላይ ተቀምጦ ትንባሆ አፉ ውስጥ እየጨመረ ያኝክ ነበር፤ ጭማቂው በአገጩ ወርዶ ሸሚዙን ሲያበላሽ አይጠርገውም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ገና አልደረሰም፣ እሱ ቀድሞ ሄዶ ተቀበለው። ከመኮንኖቹ ጋር ሳይመክር ልጁ አብርሃም ነጭ ጨርቅ ይዞ እንዲወጣ አዘዘ።

ሕፃናቱን ለማዳን ነው የሚለውን ክርክር እኔ በቀላሉ አልጥለውም። ምግብ የሚመጣበት መንገድ ተዘግቷል፣ ናያጋራ ዝም ብሏል፣ ቢያሸንፍ እንኳ ክረምቱን በምን ያሳልፋል? እጅ መስጠቱ ሊታሰብ የሚችል ነገር ነበር። ይቅር የማልለው ዝምታውን ነው። ማንንም አልጠየቀም፤ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ደርሰው የነበሩትን ካስንና ማክአርተርን ግን በሌሉበት በስምምነቱ ውስጥ ጻፋቸው። ከሰላሳ በላይ መድፍና 2,500 ጠመንጃ ተማረከ። እንግሊዞች ዘንድ የሞተ የለም፤ ሁለት ሰው ብቻ ቆሰለ። መደበኞቹ ወታደሮች ታስረው ወደ ኩቤክ ሲወሰዱ ሚሊሻው ላይዋጋ ቃል ገብቶ ወደ ቤቱ ተሸኘ።

በዚያው ወር፣ ኦገስት 4፣ ቶማስ ጄፈርሰን ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ ካናዳን እስከ ኩቤክ አካባቢ መያዝ በእግር የመሄድ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ነበር። ዲትሮይት ከተያዘች በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሃል እንደ ልጁ ያሳደገው የወንድሙ ልጅ ካፒቴን አይዛክ ሃል ኮንስቲትዩሽን በተባለችው መርከብ ጌሪየር የምትባለውን የእንግሊዝ ጦር መርከብ ድል አደረገ። ያንኑ ስም በሳምንት ውስጥ አንዱ አዋርዶት አንዱ አከበረው።

ዲትሮይት የተመለሰችው በ1813 ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። የተመለሰችውም ኦሊቨር ፔሪ ኤሪ ሐይቅ ላይ መርከቦች ሠርቶ የእንግሊዝን ጓድ በሙሉ ከማረከ በኋላ፣ ሃል በማስታወሻው ባለው መንገድ።

የሃል የጦር ፍርድ ቤት በ1814 መጀመሪያ ኦልባኒ ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢ ዳኛው ያ ናያጋራ ላይ የተኛው ዲርቦርን ነው። ከከሳሾቹ ወገን የቆመው ማርቲን ቫን ቢዩረን ኋላ ፕሬዚዳንት ሆነ። ኮሎኔሎቹ አንድ በአንድ መጥተው መሰከሩበት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብል አላጋነንኩም፣ እነ ካስ ከጦርነቱ ወዲህ ማዕረግ ጨምረው ነበርና። ፍርድ ቤቱ በአገር ክህደት አልያዘውም፤ በፈሪነትና ግዴታን ባለመወጣት ግን በጥይት እንዲገደል ፈረደበት። ፕሬዚዳንት ማዲሰን ፍርዱን አጸድቆ፣ ስለ ነጻነቱ ጦርነት አገልግሎቱ ብሎ ግድያውን ማረው። ሦስት ወር ቆይቶ፣ ጁላይ 25 ቀን 1814፣ የወረቀት ሳጥኑን የጫነው ልጁ አብርሃም ናያጋራ አጠገብ ላንዲስ ሌን ላይ ሲዋጋ ተገደለ።

ሃል ማሳቹሴትስ ወደሚገኘው እርሻው ገባ። የደብዳቤዎቹን ግልባጭ ከጦር ሚኒስቴር እስኪያገኝ ዓመታት ለመነ፤ ሲያገኝ በ1824 መከላከያውን አሳተመ፤ በዓመቱ ሞተ። ሌዊስ ካስ በ1813 በሃል ወንበር የሚሺገን ገዢ ሆነና 18 ዓመት ገዛ። በ1831 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን የጦር ሚኒስትር አድርጎ ሾመው፤ ያችን የጁን 18 ደብዳቤ ለተራ ፖስታ በሰጠው መሥሪያ ቤት ላይ።